ብስክሌት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጅማን ዝናብ ሲመታት፣
ቆርቆሮው ሲጮህባት፣ አዌቱ ሲሞላባት፣
ነጂባ ጠራችኝ በጣቷ፣ በዝግታ፣
ድካም ባጠቆረው ፊቷ ላይ ፈገግታ።
«ነይማ እዪልኝ፣ ልጄ ብስክሌት ይነዳል!
እግሩን እያፈራረቀ ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል።
ከንፈሩም ይጠባል፣ ጡት ሳይሰጠው ማንም፤
መላእክት ናቸው የሚያጫውቱት፣ ሌላ አይደለም።»

መጥቼ አየሁት።
ገና ሁለት ቀኑ ነው፣ ስም አልወጣለትም፤
እጁ ላይ ከታሰረች ወረቀት በቀር መታወቂያ የለውም፦
«የነጂባ ልጅ፣ ወንድ።»
እግሮቹ ይዞራሉ ፔዳል በሌለበት፣
ዓይኑ ወደ ግራ ሄዶ ቀርቶበት።
ክንዱን በመዳፌ ቀስ ብዬ ያዝኩት።
የበረደው ሕፃን፣ የደነገጠ ሕፃን፣ ሲይዙት ያርፋል፤
ይህ ግን አላረፈም፤
እጄ ውስጥ ይመታል፣
ከራሱ ሌላ አለቃ ሰምቶ ይመታል።

እና ምን ልበላት?
መልአክ ያለችውን በምን ስም ልጥራላት?
የሰፈሯን ቃል አውቀዋለሁ፤ ያ ቃል ሲነሣ
ከአፍንጫ ሥር ክብሪት ይጫራል፣ ጎረቤት ልጁን ይሰበስባል፣
ከዚያ ወዲያ ቤቱ በሕመሙ እንጂ በስሙ አይጠራም።
ቃሉን ዋጥኩና ተረከዙን ወጋሁ።
አንዲት ጠብታ ደም፣ አንዲት ቁጥር፤
ስኳር ሆኖ ቢገኝ ብዬ ተመኘሁ፣
ስኳር ያጣ አንጎል ፈጥኖ ከጎረሰ ይታረቃል፣
ዕዳው ገብስ ነው።
ስኳሩ ደኅና ነበር።
ትኩሳት የለው፤ እትብቱ አልመረቀዘም፤
የጀርባውን ውሃ ሲነጋ እንቀዳለን፤
የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ የፈራሁት፦

«ነጂባ፣ ሲወለድ አልቅሶ ነበር?»

ዝም አለች።
ዝናቡ ብቻ መለሰ።
ከዚያ ደዶ መጣ፣ ሙሉ ቀበሌው፣ ከነጭቃው፦
ሁለት ሌሊት ምጥ፣ አምቡላንሱ ቁልቁለቱ ላይ ተቀርቅሮ፣
ሸምሱና ወንድሞቹ ትከሻ ሰጥተው ሲገፉት፣
እሷም ከውስጥ ስትገፋ፣
ሁሉም ሲገፋ፣ ማንም ሳይደርስ።
«ኋላ አለቀሰ» አለችኝ።
ኋላ ስንት ነው? አምስት ደቂቃ? አሥር?
«ኋላ» በምትል ቃል ውስጥ የገባውን ማንም አያወጣም።

ፌኖባርቢታሉን በክብደቱ አሰላሁ፣
ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ፤
በቀጭኗ ደም ሥር ቀስ እያልኩ፣ እየቆጠርኩ ለቀቅሁት።
ቀኝ እግሩ ቆመ። ግራው ሁለት ዙር ጨምሮ
ዳገቱን እንደ ጨረሰ ሰው ተዘረጋ።
ነጂባ አየችኝ፦
«ለምን አስቆምሽብኝ? ይጫወት አልነበር?»

ሲነጋ ዶክተር ለሊሴ መጣች፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ።
«ይድናል?» አላት ሸምሱ፣ ኮፍያውን ጨብጦ።
«ከእንዲህ ያሉ ልጆች» አለች፣ «ሲሮጥ ውሎ ትምህርት ቤት የሚያረፍድ አለ፣
ዓመት ሳይሞላው መንቀጥቀጡ የሚመለስበት አለ፣
ጭራሹን…» ብላ ልጁን አየች እንጂ አልጨረሰችም።
«የእናንተን አላውቅም።»
በሥራዬ ከሰማሁት እውነት ሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ ክትትል ክፍል አገኘኋቸው።
ሚፍታህ ብለውታል። ዓመት ከስምንት ወሩ።
ይስቃል፤ ድምፅ ሲሰማ ይዞራል፤
ግራ እጁ ግን ጭብጥ ነው፣ ሳንቲም የደበቀ ይመስላል፣
መቆሙም ገና ነው።
ሸምሱ ከሂርማታ ገበያ ባለሦስት እግር ብስክሌት ገዝቶለታል፣
ያገለገለ፣ ቀለሙ የተላጠ፤
እግሮቹን በሻሽ ቁራጭ ፔዳሉ ላይ አስሮ
አጎንብሶ በእጁ ያዞርለታል፣
በኮሪደሩ፣ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር።

ነጂባ ጎኔ ቆማ ታያቸዋለች።
«እኔ እኮ» አለችኝ፣ «ያን ሌሊት
የት እየሄደ እንደነበር ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።»
እኔም አላውቅም።
አንድ ዙር፤ ደግሞ አንድ ዙር።
ቀኝ እግሩ የገፋ መሰለኝ፤
ሸምሱ ግን ቀና አላለም።